የሁለተኛው ክብ ሕግ

ልጄ አልጣሽ በስድስት ዓመቷ ሞተች።

ስሟን በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ለማስቀረጽ ምን እንዳደረግኩ ነው የምጽፈው። አገራችንን ለማያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ ስለ ውሾቹ መናገር አለብኝ።

በእኛ አገር ሰው የሚታወቀው በውሻው ነው። እንዴት እንደተጀመረ በትክክል የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ፣ የጥንቱ ንጉሥ አደን ወጥቶ ሲጠፋ ውሻ መርቶ አመጣው ይላል። ሌላው፣ ንጉሡ የሰዎቹን ፊት መለየት ቢያቅተው ውሾቻቸውን መለየት ቀለለው ይላል። ያም ሆነ ይህ፣ በየዓመቱ መከር ሲያልቅ የቁመና ቀን ይከበራል። እያንዳንዱ ቤት ውሻውን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። የውሻውን ገመድ የሚይዘው ሰው ጎታች ይባላል። ዳኛው የውሻውን ትከሻ በዘንግ ይለካል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ጅራቱ ወዴት እንደሚታጠፍ ያያል፣ አራምዶ እርምጃውን ይመለከታል። ከዚያ አዋጅ ነጋሪው የጎታቹን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። ሕዝቡ በእያንዳንዱ ጥሪ «አለ!» ወይም «አለች!» ብሎ ይመልሳል። ጸሐፊው ይጽፋል፣ የጥሪውን ወረቀትም ይሰጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው አለ።

ሳይጠራ የቀረ ሰው ደግሞ የለም። ያርሳል፣ ያገባል፣ ይታመማል፤ ግን የለም። ሲሞትም በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሙ አይቀረጽም። ስም የሌለው ድንጋይ ደግሞ በዓመቱ ይነሣል። ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ለሌላ ይሰጣል።

ይህን ስትነግራቸው ሹሞቹን ይከፋቸዋል። «እኛ የምንመዝነው ውሻ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሰው መዝነው አያውቁም።

ሜዳው ላይ ሁለት ክብ አለ። የመጀመሪያው የባለፈቃድ ውሾች ነው። ባለፈቃድ የሚባለው እስከ ሰባት ትውልድ ዘሩ በሙሉ ከወንዙ ወዲህ የተወለደ ውሻ ነው። ሁለተኛው የፈቃድ የለሾቹ ነው። በመካከላቸው በኖራ የተሰመረ መስመር አለ፤ ወሰን ይባላል።

ሁለተኛው ክብ የራሱ ሕግ አለው። አርባ አንቀጽ ነው፤ ሁሉንም አልጽፍም። ፈቃድ የለሽ ውሻ ከባለፈቃዶቹ በኋላ ይመዘናል፤ ዝናብ ከመጣ አይመዘንም። በዚህ ክብ አንደኛ ስለሌለ ከሁሉ የበለጠው ውሻ «ሁለተኛ» ይባላል። ሪባኑ ከመጀመሪያው ክብ ሪባን ጋር እንዳይምታታ ከጆንያ ይቆረጣል። ዳኛው ውሻ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ የሚያውቅ ሰው ከዳኘ ፍርዱ እውነተኛ ይመስላልና። የጎታቹ ስም አይጠራም። ቁጥር ይጠራል። ቁጥር ሲጠራ ሕዝቡ አይመልስም።

ሕጉን የጻፉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አያቴ ያውቋቸው ነበር። ከእነሱ በፊት ፈቃድ የለሽ ውሻ ሜዳው አጠገብም አይደርስም ነበር። ይግባ ያሉት እነሱ ናቸው። ክብ ሠሩለት፣ ዳኛ ሰጡት። ስም ላይ ሲደርሱ የደከማቸው ይመስለኛል።

እኔ ታረቀኝ እባላለሁ። በልጅነቴ በአባቴ ውሻ በመጀመሪያው ክብ ተጠርቻለሁ። ዝናሽን ሳገባ ቤቴ ወደ ሁለተኛው ክብ ወረደ፤ ዝናሽ ከወንዙ ማዶ ናት። ከማዶ የመጣ ሰው ሜዳውን አይረግጥም። ውሻ ግን ይረግጣል። የእኛው ውሻ ቆሎ፣ ዝናሽ ስታገባኝ ይዛት ከመጣችው ውሻ የተወለደ ነው። ነጠብጣብ ስለሆነ ቆሎ ያለችው አልጣሽ ናት። አንድ ጆሮው ይቆማል፣ አንዱ ይወድቃል። ጅራቱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ወደ ቀኝ መሆን ነበረበት።

ዘንድሮ አልጣሽ «የምጎትተው እኔ ነኝ» አለች። ወደ ጸሐፊው ቤት ወሰድኳት። ጸሐፊው ስሟን በሁለተኛው ክብ መዝገብ ጽፈው አውራ ጣቷን ቀለም አስነክረው ከስሟ ጎን አሳረፉ። ቁጥር አሥራ ሰባት ተሰጣት። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀበርናት።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ወደ ሽበሺ ሄድኩ። አብረን ነው ያደግነው።

«ስሟን ብቻ ነው ሽበሺ» አልኩት።

«የተጠራችበትን ወረቀት አምጣልኝ።»

«እንዳልተጠራች ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ ታሬ። ድንጋዩን አለስልሼልሃለሁ። ዳር ዳሩን አበባ አድርጌበታለሁ፤ አበባ አልተከለከለም። ስም ያለ ወረቀት ብቀርጽ ግን መሮዬን ይወስዱብኛል።» ትንሽ አሰበ። «የውሻዋን ስም ልቅረጽልህ? የውሻ ስምም አልተከለከለም።»

«ሰው የውሻ መቃብር ነው ይላል።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለና አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። አለቃ መንክር ይባላሉ። በመዝገቡ ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው የመጽሐፉን አትሮንስ ቅርጽ ይዟል።

«አለቃ፣ ልጄ ሞታለች» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ። እግዜር ያጽናህ። ተቀመጥ።»

«ቁጥር አሥራ ሰባት ምን ትሁን?»

«እንዳለች ትቆያለች። አልሰርዛትም።»

«ጎታች ሲሞት ይሰረዛል ሲባል ሰምቼ ነበር።»

«ሲሞት ይሰረዛል። ለመሞት ግን መጀመሪያ መጠራት ያስፈልጋል። ያልተጠራ ሰው የለም፤ የሌለ ሰው አይሞትም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሕጉ ነው። አንተ አባት ስለሆንክ ገመዱን ትይዝላታለህ። ጎታቿ ግን እሷው ናት።»

«እንግዲያውስ ስሟ የሚጠራበት መንገድ የለም?»

አለቃ በሩን አዩ። መስኮቱን አዩ። መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ምክር መስጠት አልችልም፤ ጸሐፊ አይመክርም» አሉ። «ሕጉን ግን ላንብብልህ። ማንበብ አልተከለከለም።»

ከአንቀጽ አንድ ጀመሩ። ረጅም ነበር። ስለ ገመድ ርዝመት፣ ስለ ቁንጫ፣ ስለ ዳኛው ወንበር አነበቡ። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«በሁለተኛው ክብ ስም አይጠራም፤ ጥፋት ካልሆነ በቀር። ፈቃድ የለሽ ውሻ ዳኛ ቢነክስ ወይም ወሰን ቢሻገር፣ በመዝገብ ያለው የጎታቹ ስም ለኀፍረት ሦስት ጊዜ ይጠራ፣ በጥፋት መዝገብም ይጻፍ፣ የጥሪው ወረቀት ለቤቱ ይሰጥ። ውሻው ዳግመኛ ሜዳ አይርገጥ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ያንኑ አንቀጽ እንደገና አነበቡ።

«አለቃ፣ ይህን አሁን አንብበውታል» አልኩ።

«እርጅና ነው። የቱ ጋ እንደደረስኩ ይጠፋኛል» አሉና ሦስተኛ ጊዜ አነበቡት።

መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ሽበሺ የሚፈልገው የተጠራችበትን ወረቀት ነው። ለምን እንደተጠራች አይጠይቅም።

ለዝናሽ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«በጥፋት ነው የሚጠሯት?» አለች።

«በጥፋት ነው።»

«ልጄ ምን አጠፋች?»

«ምንም።»

ከምስሩ ጠጠር አውጥታ ጣለች። «አጥፊ ይበሏት። ይጥሯት ብቻ» አለች።

የቁመና ቀን ፀሐይ ነበር። እኛ ፈቃድ የለሾቹ ከጠዋት ጀምሮ በሜዳው ዳር ቆመን የመጀመሪያው ክብ እስኪያልቅ ጠበቅን። ስም ይጠራል፣ ሕዝቡ «አለ!» ይላል፤ ስም ይጠራል፣ «አለች!» ይላል። ከእኔ ቀጥሎ እትዬ ብርዛፍ የሚባሉ ሴት ቆመዋል። ውሻቸው ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ያንተ ውሻ ጆሮዎቹ ተኳርፈዋል እንዴ?» አሉኝ። «አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ።»

«የእርስዎስ እግሩን የት ጥሎት መጣ?»

«ሆዱ ቀድሞ አደገ፣ ምን ላድርገው። ቁርጥ ሟቹን ባሌን ነው።» ከዚያ ማን እንደሆንኩ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ ልጄን! ሳላስበው ነው፣ ይቅር በለኝ።»

«ምንም አይደለም እትዬ። እሷም ይህን ብትሰማ ትስቅ ነበር።»

ፀሐይ ዘንበል ስትል ወደ ሁለተኛው ክብ አስገቡን። ዳኛችን ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ማሬ ነበሩ። በልጅነታቸው ውሻ ነክሷቸው ከዚያ ወዲህ ውሻ ባለበት መንገድ አይሄዱም። ሹሞቹ ከእሳቸው የባሰ ውሻ የማያውቅ ፈልገው አጥተዋል። ዘንጋቸው ከሌሎቹ ዳኞች ዘንግ በሁለት ክንድ ይረዝማል።

«ጥርስ አለው?» አሉ ከሩቅ፣ ተራችን ሲደርስ።

«አለው።»

«ስንት ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«ይበቃል፣ ይበቃል። አፉን እንዳትከፍተው። አራምደው።»

አራመድኩት። ቆሎ ከጎኔ እኩል ሄደ። ስቆም ቆመ። ሳልነግረው ተቀመጠ። ከቀብሩ ወዲህ ጮሆ አያውቅም፣ ያን ቀንም አልጮኸም። ወይዘሮ ማሬ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ይነክሳል?»

«አይነክስም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉና ሌላ እርምጃ ቀረቡ። ዘንጉን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። በሁለት ጣት የቆሎን ግንባር ነኩት። ከዚያ በሙሉ መዳፋቸው።

«ይሞቃል» አሉ፣ የሚያምን ሰው ካለ ብለው ዙሪያቸውን እያዩ። «ሁለተኛ! ሌላ አላይም፣ ሁለተኛ ይሄ ነው!»

ሰው ሳቀ። የጆንያውን ሪባን አንገቱ ላይ አሰርኩለት። በዚህ ጉዳያችን አልቆ ነበር። ቁጥር አሥራ ሰባት ተብሎ ወደ ቤት መሄድ ብቻ ነው የቀረው።

ቆሎን ይዤ ወደ ወሰኑ ሄድኩ። ኖራው ላይ ሲደርስ ቆመ።

ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ያስተማረችው አልጣሽ ናት። በግቢያችን በአመድ መስመር እያሰመረች፣ እንዳይሻገር ስታለማምደው ነበር የከረመችው። በሜዳ አጥፍቶ እንዳያሳፍራት ነበር። ገመዱን ሳብኩ። ቆሎ ተቀምጦ አየኝ። ደግሜ ሳብኩ። አንገቱ ሲጠብቅ አየሁና ተውኩት። በግድ ልጎትተው አልቻልኩም።

ገመዱን ለቀቅኩና ብቻዬን ተሻገርኩ።

በመጀመሪያው ክብ ውስጥ አሥር እርምጃ ያህል ሄድኩ። ከዚያ ምን እንደማደርግ አላሰብኩም ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ስትሞት አላለቀስኩም፤ ስንቀብራትም አላለቀስኩም፤ ዝናሽን መያዝ ነበረብኝ። እዚያ ግን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀና ስል ቆሎ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

የሜዳው አዛዥ ክንፈ እየሮጡ መጡ። ወፍራም ሰው ናቸው፤ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«ሰው ተሻገረ! አለቃ መንክር! ሰው ሲሻገር ምንድን ነው?»

አለቃ ሕጉን ገለጡ። ወደ ኋላም ገለጡ።

«ስለ ሰው የተጻፈ የለም አዛዥ።»

«እንዴት የለም?»

«ሰው ይሻገራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የተጻፈው ውሻ ሲሻገር ነው፤ ይኸው ተሻግሯል። አንቀጽ ሠላሳ አንድ።»

«ያው ነው፣ ጎታቹ ይጠራ! ስምህ ማነው አንተ?»

«ጎታቹ እሱ አይደለም» አሉ አለቃ። «በመዝገብ ያለችው አልጣሽ ታረቀኝ ናት።»

«የት አለች ታዲያ?»

ከወሰኑ ማዶ እትዬ ብርዛፍ ናቸው የመለሱት። «ሞታለች አዛዥ። የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።»

አዛዡ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወዲያው ደግሞ መልሰው አደረጉት።

«የሞተ ሰው በጥፋት አይጠራም። ነውር ነው።»

«አልሞተችም» አሉ አለቃ መንክር። እጃቸው መጽሐፉ ላይ ነበር። «አልተጠራችም። ካልተጠራች የለችም፤ ከሌለች አልሞተችም። ካልሞተች አልተሰረዘችም። ካልተሰረዘች ጎታች ናት። ጎታች ከሆነች ትጠራለች።»

አዛዡ ይህን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉት። የተሳሳተበትን ቦታ ፈለጉ። አራት ልጆች እንዳሏቸው ሁላችንም እናውቃለን።

«ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው?»

«እንዲህ ነው።»

«እንግዲህ ሕግ ከሆነ ሕግ ነው» አሉ። ወደ እኔ አላዩም።

አዋጅ ነጋሪው መጣ። ጠዋት ስም ሲጠራ ውሎ ድምፁ ሻክሯል።

«በቶሎ ነው በቀስታ?» ብሎ ጠየቀ።

«አልተጻፈም» አሉ አለቃ።

«በቀስታ» አሉ አዛዡ።

በአገራችን ስም በጥፋት ሲጠራ ሕዝቡ «እፍ!» ይላል፤ ስሙን እንደ ገለባ ከሜዳው ማስወጣት ነው። አዋጅ ነጋሪው አንገቱን ወደ ላይ አደረገ።

«አልጣሽ ታረቀኝ!»

ከመጀመሪያው ክብ በኩል «እፍ!» ተባለ። እንደ ልማድ ነው፣ በክፋት አልነበረም።

«አልጣሽ ታረቀኝ!»

ሁለት ሦስት ሰው «እፍ» አለ። ሌላው ጎረቤቱን እያየ ነበር። ከእኛ በኩል ወሬው ወሰኑን አልፎ እየሄደ ነበር፤ ልጅ ናት፣ የስድስት ዓመት ልጅ ናት እየተባለ።

«አልጣሽ ታረቀኝ!»

ማንም እፍ አላለም።

«አለች» አሉ ወይዘሮ ማሬ።

ጮክ ብለው አልነበረም። ደንቡን ባለማወቅ ይሁን በማወቅ አልጠየቅኳቸውም። አዛዡ የሰሙ አልመሰሉም፤ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ያስሩ ጀመር። ጫማቸው ማሰሪያ የለውም።

አለቃ መንክር የጥፋት መዝገቡን ከፍተው ጻፉ። ወረቀቱን ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ጥፋት፣ ወሰን መሻገር። አጥፊ፣ አልጣሽ ታረቀኝ። ሦስት ጊዜ ተጠርታለች። የጆንያው ሪባን ከቆሎ አንገት ተፈታ፤ ሜዳ እንዳይደርስም ተባለ። ሪባኑን የፈታው የሜዳው ዘበኛ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ስወጣ እትዬ ብርዛፍ አለቃን ሲያነጋግሩ ሰማሁ።

«አለቃ፣ ወሰኑ ያ ነጩ ነው አይደል?»

«ነጩ ነው።»

«ዓይኔ ደክሟል፣ እንዳልሳሳት ብዬ ነው። ስልሳ ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ተጠርቼ አላውቅም» አሉና የውሻቸውን ገመድ ወደ እጃቸው መጠቅለል ጀመሩ። ከኋላቸው የተሰለፉትም ገመዳቸውን ሲያዩ አየሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ቆሜ አላየሁም። ድምፁን ግን መንገድ ላይ ሰምቻለሁ። አዋጅ ነጋሪው እስኪመሽ ሲጠራ ነበር።

በሽበሺ በኩል አለፍኩ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጥፋቱንም ልቅረጸው?» አለ።

«ስሟን ብቻ።»

መሮውን አነሣ። እንዳየው አልፈለገም መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዞረ። «በሦስት ቀን ና» አለኝ።

ቤት ስደርስ ዝናሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን አየች።

«ጠሯት?»

«ጠሯት።»

«ሦስቴ?»

«ሦስቴ።»

ተቀመጠች። ቆሎ እግሯ ሥር ተኛ። ጎረቤቶች በየግቢያቸው ከብት እያስገቡ ነበር።

«እኔ አልሰማሁም» አለች። «እንዴት አድርጎ ነው የጠራት?»

«በቀስታ።»

«እንዴት?»

ወደ ውጭ ወጣሁ። በግቢው መሃል ቆሜ አንገቴን ወደ ላይ አደረግኩና ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ በቀስታ ሦስት ጊዜ ጠራኋት።